ለእትዬ ዘነቡ ያበደርኩት ምስጋና

ከሚኒባሱ ስወርድ መጀመሪያ የጎደለኝ ሽታው ነው። ድሮ አንድን ሰው ዓይኑን ሸፍነው አትክልት ተራ ቢያወርዱት የት እንዳለ አይጠፋውም ነበር። የበሰበሰ ጎመን፣ የተረገጠ ብርቱካን፣ እርጥብ ጆንያ፣ የተሸካሚዎቹ ላብ፣ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ አንድ ላይ ይመጣብን ነበር። አፍንጫችንን በነጠላችን ጫፍ ይዘን፣ ቀሚሳችንን ሰብሰብ አድርገን፣ እየተራገምን ነው የምናልፈው። «ምነው ይህን ገበያ ነቅሎ የሚወስድልን በተገኘ!» እል ነበር እኔው ራሴ። ይኸው ተገኘና ነቅሎ ወሰደው። መጀመሪያ ገበያው ሄደ፤ ቀጥሎ እኛ ሄድን። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ግራና ቀኙ አበባ ተተክሏል፤ ማታ ማታ መብራቱ ሠርግ ቤት ይመስላል ይላሉ። ያምራል፤ አያምርም ብዬ እግዜርን አላስቀይምም። ግን ምንም አይሸትም። አፍንጫዬን ቀና አድርጌ ያንን የጎመን ሽታ ስፈልግ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝና አለፈ።

በእጄ ዘንቢል ይዣለሁ። በዘንቢሉ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው የማኅበራችን ጽዋ፣ አንዲት ትንሽ ዳቦ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ከጎረቤት የለመንኩት ጠላ አለ። ቀኑ ዐሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ናት። የመጣሁት ጽዋውን ለእትዬ ዘነቡ አስረክቤ ከማኅበሩ ልወጣ ነው። ማኅበር ስል ደግሞ ሳቄ ይመጣል፤ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሌሎቹ ገሚሶቹ ሠፈሩ ሳይፈርስ፣ ገሚሶቹ ከፈረሰ በኋላ በየሄዱበት ዐርፈዋል። ሙሴያችን፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ እማማ ድንቄም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ጽዋ ግን እንደ ሌላ ዕቃ አይጣልም፤ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውም አይረሱትም። ተረኛዋ ድግሷን ደግሳ፣ አብልታ አጠጥታ፣ ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ልተወው ብል እንኳ የሚቀበለኝ የሰው እጅ ያስፈልገኛል።

ለምን ልትተዪው ፈለግሽ ላለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ልጄ ትዕግሥት በዚህ ክረምት ሞተችብኝ። አንድ ልጄ ናት፤ ኩላሊቷ ነው የከዳት። ሠፈራችን ፈርሶ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ከገባን በኋላ ደረጃውን እኔን በክንዴ ደግፋ የምታወጣኝ እሷ ነበረች። በኋላ እኔ እሷን ደገፍኩ። በመጨረሻ ጎረቤቶች በአንሶላ አወረዷት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ሰው «እንደምን አደሩ?» ሲለኝ ዕድሜዬን ሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር መልሴ፤ ሳላስበው ነው የሚወጣው። አሁን «አለሁ» እላለሁ፤ ሰዉም እያፈረ ያልፈኛል። አንዲት የፎቅ ጎረቤቴ፣ መልካም ሴት ናት አልከፋባትም፣ «እማማ ብርቄ፣ ተመስገን ይበሉ እንጂ፤ የባሰ አለ» አለችኝ። «የባሰውን አምጪና አሳዪኝ» አልኳት። የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ ይባላል፤ እኔ መቼ ለቀቅኩ፣ ሠፈሬ ነው እኔን የለቀቀኝ። እግዜር የለም አላልኩም፤ እሱንስ መኖሩን አውቃለሁ። ከፍቶኛል ነው የምለው።

ጽዋው ደግሞ በባዶ አፍ አይነሣም። ይህ የእማማ ድንቄ ደንብ ነው፤ በሌላ ማኅበር አላየሁትም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ጽዋው በየተራ ይዞራል፤ እጇ የገባላት ሴት ከመጠጣቷ በፊት ከዚያ ወር ውስጥ አንድ ነገር ጠርታ ስለ እሱ ተመስገን ማለት አለባት። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እማማ ድንቄ «ስለ ሁሉም ያለ ስለ ምንም ነው፤ ለይተሽ ጥሪ!» ይላሉ። ያልጠራች ሻማ ትቀጣለች። አቤት የሚሰማው ነገር! የሠፈራችን የዶሮ ማነቂያ ሴት ምላሷን ታውቁት የለ። አንዷ «ባሌ ጥርሱን ተነቅሎ ሳምንት ሙሉ ሳይጨቀጭቀኝ ስለ ሰነበተ ተመስገን» ስትል ቄሱ እንኳ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ሌላዋ ስለ ቅቤ መርከስ፣ ሌላዋ ስለ ቧንቧ ውሃ መምጣት፣ ሌላዋ ጣሪያዋ በዚህ ዝናብ በአንድ በኩል ብቻ ስላፈሰሰባት ታመሰግናለች። ቤቶቻችን ተደጋግፈው የቆሙ ጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው «ይማርሽ» ይባላል። ያን ጊዜ ለዚህ ብዬ አመስግኜ አላውቅም።

እኔ ያኔ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ሱቅ ክርና አዝራር እሸጥ ነበር። ባንኮኒው የእንጨት ነው፣ በሰው ክንድ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሥራ ስወጣ ታኮ ጫማዬን አድርጌ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ሸክላ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አዲስ የወጣውን ዘፈን በነፃ እሰማለሁ። ጎረምሶቹ ከታች የሰፋ ሱሪያቸውን መሬት እያስጠረጉ ሲኒማው ደጃፍ ይደረደራሉ፤ ሳልፍ «አዝራሯ! እኔንም ቆልፊኝ!» ይሉኛል። ማኪያቶ በስሙኒ ነበር። ከደመወዝ ማግስት ቆሜ አንድ እጠጣና ከንፈሬ ላይ የቀረውን አረፋ ሳልጠርግ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እሄዳለሁ፤ መጠጣቴ እንዲታወቅልኝ ነዋ! ባለፈው ጊዜ ትዕግሥት ከሕክምና ስንመለስ «እማዬ፣ ማኪያቶ ልጋብዝሽ» ብላ ከአንድ መስታወት ቤት አስገባችኝ። ዋጋውን ስሰማ የያኔው የወር ደመወዜ ነው። እንዴት ሳቀች! «ዝም ብለሽ ጠጪ፣ ደሞዝሽን ጠጪ» አለችኝ። ያ ከእሷ ጋር የጠጣሁት የመጨረሻው ነው። ቤቱን ዛሬ ሳልፍ አየሁት፤ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ስለዚያ ዘመን ሰው ብዙ ያወራል፣ ማን ማንን እንደ ገደለ፣ ማን በማን እንደ ተነሣ። እኔ የማውቀው የእትዬ ዘነቡን ልጅ ነው። ጌታቸው ይባላል፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ከአንድ ሸሚዝ ሌላ የሌለው ግን ያንኑ ሸሚዝ በየቀኑ አጥቦ የሚለብስ ልጅ። አንድ ጠዋት ለእናቱ ዳቦ ሊገዛላት ወጣ፤ አልተመለሰም። ሬሳ የለ፣ ልቅሶ የለ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ላለው ልጅ ማልቀስም አይቻልም ነበር። እትዬ ዘነቡ በዐሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱ ብያት አላውቅም፣ ብላትም አትወድም። በዚያ ወር በዐሥራ ስድስት ትቀራለች ብለን ነበር። መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጽዋው ዞሮ ዞሮ እጇ ገባ።

«የለኝም» አለች።

 ቄሱ መሬት መሬቱን አዩ። ሻማ ትቀጣ የሚል የለም። እማማ ድንቄ «ደንብ ነው፣ ጽዋ በባዶ አፍ አይነሣም» አሉ። ልቤ ጨከኑባት አለ። ቀጠሉና «የሌላት ግን ትበደራለች። ከመካከላችን የተረፋት አለች? ታበድራት» አሉ።

ትዕግሥት በዚያ ሳምንት ነበር ከኩፍኝ የተነሣችው፤ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር። በትኩሳት ነድዳ፣ ዓይኗ ተጣብቆ፣ ሰው ሁሉ «ሌላ ትወልጃለሽ፣ ልጅ ነሽ» እያለ ማጽናናት ጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና «ብርቱካን» አለችኝ። በባዶ እግሬ ነው አትክልት ተራ የበረርኩት። ያ የምረግመው ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ ያንን ሽታ እየተነፈስኩ፣ እያለቀስኩ ብርቱካን መረጥኩ፤ ሻጩ «ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» ቢለኝ «ልጄ ብርቱካን አለች!» አልኩት። አንድ ጨመረልኝ። ለዚያ ቀን ማኅበር ያዘጋጀሁት ምስጋና ይህ ነበር፤ ሌላ አልነበረኝም፣ አልተረፈኝም። ግን «እኔ አበድራታለሁ» አልኩ። እትዬ ዘነቡ ደረቅ ባለ ድምፅ «የብርቄ ልጅ ስለ ዳነች፣ ተመስገን» አለችና ጠጣች። ከዚያ እኔ ተራዬ ሲደርስ ሻማ ተቀጣሁ፤ ያኔ ግን በደስታ ነው።

ይህ ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ወርም፣ በዚያ በሚቀጥለውም እትዬ ዘነቡ ጽዋውን ስትይዝ የምትለው ያንኑ ነው። ትዕግሥት ትምህርት ቤት ገባች፤ «የብርቄ ልጅ ስለ ዳነች»። ትዕግሥት ሥራ ያዘች፣ ለእትዬ ዘነቡ በመጀመሪያ ደመወዟ ሻሽ ገዛችላት፤ «የብርቄ ልጅ ስለ ዳነች»። ሴቶቹ «ኧረ መልሺላት፣ የሰው ገንዘብ በላሽ!» እያሉ ሲያሾፉባት «ገና አልጠገብኩትም» ትላለች። ለይተሽ ጥሪ የሚሉት እማማ ድንቄም እሷን አንድ ቀን ተናግረዋት አያውቁም።

እንግዲህ ወደ እሷ ነው የምሄደው። ሠፈራችን ሲፈርስ እሷን የወንድሟ ልጅ አስቴር ወሰደቻት፤ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ ልብስና ቁልፍ ከሚሸጡት ሱቆች ጀርባ አንዲት ክፍል አላቸው። አንኳኳሁ። አስቴር ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። በሩን በስተኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«እትዬ ብርቄ፣ በሞቴ ይቆዩ። አልነገርናትም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«የትዕግሥትን። እኔ ከቀብሩ ስመለስ ቤተ ዘመድ ጋ ነበርኩ አልኳት። ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙ ክፉ ወሬ እንዳትሰማ ብሎናል። በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ። ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ። በማርያም፣ እንዳይነግሩብኝ!»

ምን ልበላት? እኔስ ስንት መርዶ ደብቄያለሁ! ወጋችን ነው። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚያጽናና ሰው ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ለታመመ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ሰው ከታክሲ ወርዶ፣ ዘንቢሉን አስቀምጦ የሚያወራው ነገር አይደለም። ግን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ነገሬ የሚገባት እሷ ብቻ ነበረች። በመንገዴ ሁሉ ሳስብ የነበረው ይህንኑ ነው። ጽዋውን አስረክባታለሁ፣ ምክንያቱን እነግራታለሁ፣ እሷ ደግሞ የባሰ አለ አትለኝም፤ አብራኝ ታለቅሳለች። የመጣሁበት እሱም ተዘጋብኝ።

«እሺ» አልኩ።

«ጥቁሩስ?» አለች አስቴር ቀሚሴን እያየች። «ዓይኗ ደክሟል፤ ጥቁርና ነጭ ግን ትለያለች።» ጥቁሩን ሻሼን ከራሴ ላይ ፈታችና የራሷን ነጭ ሻሽ አሰረችልኝ፤ ሰፊ ነጠላዋን አምጥታ ጥቁሩ ቀሚስ እንዳይታይ ከትከሻዬ እስከ እግሬ አለበሰችኝ። እንደ ሙሽራ ዝም ብዬ ቆምኩላት። አሳዘነችኝ።

እትዬ ዘነቡ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትራስ ተደግፋለች። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ድምፄን ስትሰማ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ስማኝ ስማኝ አልጠግብ አለች።

«ጽዋውን ይዘሽ መጣሽ? ዐሥራ ስድስት ነው ብዬ ነበር፤ ይቺ ልጅ ዐሥራ አምስት ነው ብላ ትከራከረኛለች። ሌሎቹስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ እትዬ ዘነቡ።»

«እነሱማ እዚያ ቤት ማኅበራቸውን ይዘዋል። እማማ ድንቄ መላእክቱን ሻማ እየቀጡ ነው የሚሆኑት» አለች፤ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «ትዕግሥቴስ?»

«ደኅና ናት» አልኩ። ምላሴ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ቄስ የለም፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። አስቴር ጠላውን ቀዳችበት፣ ጽዋውን ከጨርቁ ፈትቼ እጄ ላይ ያዝኩት። እትዬ ዘነቡ ትጠብቀኛለች።

«በይ፣ ምስጋናሽን ጥሪ።»

«የለኝም» አልኩ። «የመጣሁት ላስረክብሽ ነው። ከእንግዲህ አልችልም።»

 እጇ ፊቴን ፈልጎ አገኘ፤ ጉንጬ ረጥቧል።

«ምን ሆንሽ ብርቄ?»

«ቤቴ ፈረሰ» አልኳት።

«ለቤት ነው እንዲህ የምታለቅሺው?»

«ለቤት ነው።»

ያ ጭቃ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሲፈርስ እንደዚያ አላለቀስኩለትም። ልጄን ከጀርባው ደብቄ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰችልኝ፤ ለቤቴ ነው የምታለቅሰው። ከዚያ ጽዋውን ከእጄ ተቀበለችና ደረቷ ላይ ያዘችው።

«የሌላት ትበደር ነው ደንባችን» አለች። «እኔ ደግሞ የራሴ ኖሮኝ አያውቅም፤ ያንቺው ነው ያለኝ። ልጄን ከወሰደብኝ ወዲህ እግዜርን ሳልጣላው የኖርኩት በትዕግሥት ነው። ወር በገባ ቁጥር ምን አደረግህልኝ ልለው እነሣና፣ ይቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። በእሷ ነው የታረቅነው። ስንት ዘመን ያዝኩብሽ! ዛሬ ልመልስልሽ። እንኪ፣ አንቺው ጥሪው።»

ጽዋውን ወደ እኔ ዘረጋችው። አስቴር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ይህን የታረቅሽበትን ነገር እኮ መልሶ ወሰደው፤ ያንቺንም የእኔንም፤ ልላት ነበር። ያን ያህል ነበር ክፋቴ፤ ብቻዬን ከምከፋ አብራኝ ትክፋ ብዬ። ጽዋው ግን እጇ ላይ አዘመመ፤ ጠላው ሊፈስ ነው። ተቀበልኳት። ትዕግሥት ብርቱካን ያለችበት ጠዋት ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ያ የጎመንና የብርቱካን ሽታ፣ ስወርድ ያጣሁት ሽታ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አፍንጫዬ ገባ።

«ልጄን ከዚያ ትኩሳት ስላነሣህልኝ» አልኩ። እትዬ ዘነቡ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀኛለች። «ተመስገን።»

«አሜን» አለች፤ ፊቷ በራ። ጠጣሁ፣ አጠጣኋት። ዳቦውን ቆርሰን በላን። ልሄድ ስነሣ ጽዋውን በጨርቁ ጠቅልላ መልሳ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተችው። «ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው፤ ግን መነሣት አልችልም። አንቺ ያዥልኝና በወሩ ይዘሽው ነይ። ትዕግሥትንም ይዘሻት ነይ» አለችኝ። እሺ አልኩ። አስቴር ደጅ ላይ ነጩን ሻሽ ፈትታ ጥቁሩን መልሳ አሰረችልኝ።

አሁን ጽዋው እዚህ ፎቅ ላይ፣ ከትዕግሥት ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጧል። ጎረቤቴ በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ «እንደምን አደሩ?» ብትለኝ አሁንም «አለሁ» ነው ያልኳት። እትዬ ዘነቡ ፊት ያልኩትን ደግሞ ውሸት ነው አልልም። ያኔ እግዜር አንሥቷት ነበር፤ ብርቱካኑንም በልታለች። ከዚያ ወዲህ ስላለው ግን እኔና እሱ ገና አልተነጋገርንም።